አለቃዋ የምር ናት ወይስ ለታይታ?

የጻፍሽልኝን በአጭሩ ልድገመው፤ ሌሎችም እንዲከታተሉን። በአካባቢ ሳይንስ ልትመረቂ ጥቂት ወራት ቀርተውሻል። አንድ የቤተሰብ ፋብሪካ «የማህበራዊና የአካባቢ ኃላፊነት ባለሙያ» አድርጎ ሊቀጥርሽ ይፈልጋል። የመሠረቱት አባት ናቸው፤ ዛሬ የምትመራው ልጃቸው ናት። በየመድረኩ ስለ ፍሳሽ፣ ስለ ካርቦን፣ ስለ ሠራተኛ ደህንነት የምትናገረውም እሷው ናት። በሌላ በኩል አንድ ትልቅ ድርጅት ለጥራት ቁጥጥር ክፍሉ ሻል ባለ ደመወዝ ፈልጎሻል። ጥያቄሽ ሁለት ነው፦ «ሴትዮዋ የምር ናት ወይስ ለታይታ? የምር ብትሆንስ፣ ነገ ብትለቅ እኔ ምን ይውጠኛል?»

ከሁለተኛው ልጀምር፤ የሚከብደው እሱ ነው።

የቤተሰብ ድርጅት መሪው ካመነበት በአንድ ጠዋት አቅጣጫ ሊቀይር ይችላል። የቤት ማጽጃና ስፕሬይ የሚያመርተውን የአሜሪካ ድርጅት የኤስ ሲ ጆንሰንን ታሪክ እዪ። በ1974 (ዓመቶቹን ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው የምጽፈው) ማሪዮ ሞሊና እና ሼርውድ ሮውላንድ የተባሉ ሳይንቲስቶች ሲኤፍሲ የሚባለው ጋዝ የኦዞንን ሽፋን ሊጎዳ እንደሚችል ጻፉ። ጋዙ ያኔ በብዙ ስፕሬይ ጣሳዎች ውስጥ ነበር። አምራቾቹ ተንጫጩ፤ ማስረጃው አልበቃም አሉ። የኤስ ሲ ጆንሰን መሪ ሳም ጆንሰን ግን በ1975 ጋዙ ከድርጅታቸው ስፕሬዮች እንዲወጣ ወሰኑ። የአሜሪካ መንግሥት ጋዙን ከስፕሬይ የከለከለው በ1978 ነው። የኦዞንን ሽፋን ለመጠበቅ አገሮች የተስማሙበት የሞንትሪያል ስምምነት ደግሞ በ1987 መጣ። ሰውየው የመሥራቹ የልጅ ልጅ ልጅ ናቸው፤ ድርጅቱም አክሲዮኑ በገበያ አይሸጥም። በየሦስት ወሩ «ትርፉ የታለ?» የሚል ባለ አክሲዮን በራቸው ላይ አልቆመም።

ደስ ይላል አይደል? ችግሩም እዚያው ላይ ነው። በአንድ ሰው ቃል የመጣ ነገር በሌላ ሰው ቃል ይሄዳል። ያማከርኳት አንዲት ልጅ አንቺን የመሰለ ሥራ ይዛ ነበር። ሁለት ዓመት ሠራች። አለቃዋ ሲታመሙ ወንድማቸው ተተኩ፤ እሷ ደግሞ ወደ ሕዝብ ግንኙነት ክፍል ተዛወረች። ሰውየው ክፉ ስለነበሩ አይደለም። «እስካሁን ምን ሠራሽ?» ሲሏት ያላት ፎቶ ብቻ ስለነበር ነው። ችግኝ ሲተከል፣ ደብተር ሲታደል፣ ሪባን ሲቆረጥ።

ስለዚህ የሥራሽ ዋና ቁም ነገር፣ በቅጥር ደብዳቤሽ ላይ ባይጻፍም፣ የሴትዮዋን እምነት ከልቧ አውጥቶ ወረቀት ላይ ማስፈር ነው። የበጀት መስመር ይሁን። የቦርድ ቃለ ጉባኤ ይሁን። የግዢ ደንብ ይሁን። ፓታጎንያ የተባለው የአሜሪካ የልብስ ድርጅት መሥራች ኢቮን ሹናርድ እና ቤተሰባቸው ይህን እስከ መጨረሻው ድረስ ወስደውታል። በ2022 ድምፅ ያለውን 2 በመቶ አክሲዮን ዓላማውን ለሚጠብቅ የአደራ ተቋም፣ ድምፅ የሌለውን 98 በመቶ ደግሞ ለተፈጥሮ ጥበቃ ለሚሠራ ድርጅት ሰጡ። የአንቺ ፋብሪካ እዚያ ላይደርስ ይችላል፤ ግዴታም የለበትም። ግን አንድ ገጽ ፖሊሲ እንኳ በቤተሰቡ ፊርማ ከጸደቀ፣ ተተኪው ሊሽረው ሲፈልግ ፊት ለፊት መናገር ይኖርበታል።

አሁን ወደ «የምር ናት ወይ?» ልመለስ። ከሩቅ ሆኜ የሰው ልብ አላነብም። ቃለ መጠይቁ ላይ ግን ይህን ጠይቂያት፦ «ለዚህ ሀሳብ ብላችሁ የተዋችሁት ትርፍ ምንድን ነው?» የምር የሆነች ሰው ሳታስብ ትመልሳለች። የተዉት ደንበኛ አለ፣ ውድ ቢሆንም የገዙት ማጣሪያ አለ፣ በዚህ ጉዳይ ከወንድሟ ጋር የተጣላችበት ቀን አለ። ስለ ሽልማትና ስለ መድረክ ካወራችሽ ከአንገት በላይ ነው ብለሽ ጠርጥሪ።

ሌላም አለ። ገንዘቡን የሚይዘው ማን ነው? በቤተሰብ ድርጅት ውስጥ በወረቀት ላይ ያለው አለቃና ኪሱን የያዘው ሰው ብዙ ጊዜ ይለያያሉ። ውሳኔው ቢሮ ሳይሆን ቤት ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። ፋይናንሱን የያዘው አጎት ወይም ወንድም ካለ አግኝተሽው ብታወሪ ጥሩ ነው። ስለ ምድር ሙቀት አትንገሪው። ይህ ማሽን ቢቀየር ወጪውን በስንት ዓመት ይመልሳል የሚለውን ንገሪው። ያን ስሌት ካልተማርሽ ከአሁኑ ጀምሪ፤ ከዲግሪሽ በላይ ይጠቅምሻል።

ከገባሽ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት በደረሰኝ አሳልፊ። የኤሌክትሪክ፣ የነዳጅ፣ የውሃ። የተረፈ ምርት ክብደት። የአደጋ መዝገብ። በካርቦን አቆጣጠር ልቀት በሦስት ይከፈላል፦ ፋብሪካው ራሱ የሚያቃጥለው፣ ከሚገዛው ኃይል የሚመጣው፣ ከአቅራቢ እስከ ተጠቃሚ ድረስ ያለው። ሦስተኛው ማለቂያ የለውም፤ በመጀመሪያው ዓመት አትስመጪበት።

«ማህበራዊ» የሚለውን ቃልም በእርዳታ አትተርጉሚው። ከግቢው ውስጥ ይጀምራል። በ2013 ባንግላዲሽ ውስጥ የልብስ ፋብሪካዎች የነበሩበት ራና ፕላዛ የተባለ ሕንፃ ሲደረመስ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ። ግድግዳው መሰንጠቁ ከአንድ ቀን በፊት ታይቶ ነበር፤ የልብስ ሠራተኞቹ ግን ግቡ ተባሉ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ገዢዎች አቅራቢዎቻቸውን የሕንፃና የእሳት ደህንነት ማረጋገጫ ይጠይቃሉ። ሠራተኛው ጓንት ሳይኖረው ደብተር የሚያድል ፋብሪካ አይቻለሁ፤ ያሳፍራል።

አንዲት የውስጥ አዋቂ ምክር ልጨምርልሽ። አይሶ (ISO) ዓለም አቀፍ የደረጃዎች ድርጅት ነው። አይሶ 14001 የሚባለው የአካባቢ አስተዳደር ደረጃው ነው፤ ኦዲት ተደርጎ ሰርተፍኬት ይሰጥበታል። በ2010 የወጣው አይሶ 26000 ደግሞ የማህበራዊ ኃላፊነት መመሪያ ብቻ ነው፤ ሰርተፍኬት የለውም። «26000 ሰርተፍኬት አለን» የሚል ካጋጠመሽ፣ ወይ አልገባውም ወይ እየሸጠልሽ ነው።

የጥራት ቁጥጥሩን ሥራም አትናቂው። በ2015 የተሻሻሉት አይሶ 9001 (የጥራት አስተዳደር ደረጃው) እና 14001 አጥንታቸው አንድ ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር አይከብድም። እኔ ብሆን ግን፣ ሴትዮዋ ለዚያች ጥያቄ የሚጨበጥ መልስ ከሰጠችኝ፣ በደመወዙ ተጎድቼም ቢሆን ወደ ፋብሪካው እሄዳለሁ። በሃያ ምናምን ዕድሜ ከድርጅት መሪ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚሠራበት ቦታ ትልቁ ድርጅት ውስጥ ቶሎ አይገኝም። አንድ ነገር ግን ውሉ ላይ ይጻፍልሽ፦ ተጠሪነትሽ ለእሷ መሆኑና የራስሽ በጀት መኖሩ። «ስትፈልጊ ትጠይቂኛለሽ» ካለችሽ ፈገግ ብለሽ፣ መጠኑን በጽሑፍ ለምኛት። ቃለ መጠይቁ ሐሙስ ነው ብለሻል፤ ስለ ትርፉ ምን እንደመለሰችልሽ ጻፊልኝ።