የአካውንቲንግ ዲግሪ ይዞ ወደ ነርስነት

ጥያቄ፦ ከአገር ቤት በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ። ሜሪላንድ ከመጣሁ ወዲህ ግን አራት ዓመት ሙሉ በአረጋውያን መጦሪያ በሲኤንኤነት (በረዳት ነርስነት) እየሠራሁ ነው። አሁን ነርስ ለመሆን ቆርጫለሁ። ባለቤቴ «ዲግሪ ስላለሽ በዓመት ከመንፈቅ በሚያልቀው ግቢ» ይላል፤ ጓደኛዬ ደግሞ «ኮሙኒቲ ኮሌጅ ይሻልሻል» ትላለች። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉን። ምን ይመክሩኛል?
የልጆች እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ እኅቴ፣ ባለቤትዎ ተሳስተዋል አልልም። በሌላ ሙያ ዲግሪ ላላቸው የተዘጋጀ የተፋጠነ ፕሮግራም አለ፤ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወራት ይፈጃል። ወራቱ መቆጠር የሚጀምሩት ግን አናቶሚና ፊዚዮሎጂ፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ስታቲስቲክስ ካለቁ በኋላ ነው። ከአካውንቲንግ ትምህርትዎ ስታቲስቲክሱ ይገኝ ይሆናል፤ አጥንትና ጀርም ግን አይገኝም። በዚያ ላይ ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው ሥራ እንዳይደርቡ ይመክራሉ። የቤት ኪራዩስ?

ብዙዎቻችን ዘግይተን የምንሰማው ሌላም ነገር አለ። ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ የመንግሥት የትምህርት ድጎማ የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው ሰው አይሰጥም፤ ዲግሪው የውጭ አገር ቢሆንም ከአሜሪካው እኩል ነው ከተባለ ያው ነው። «ዲግሪሽን ደብቂው» የሚሉ አማካሪዎች ይገጥሙዎታል፤ አይስሟቸው። ይልቅ ያስገምግሙት፤ ከሒሳቡና ከማኅበራዊ ሳይንሱ የሚያዝልዎ ክሬዲት ሊኖር ይችላል።

እኔ የሄድኩት በጓደኛዎ መንገድ ነው። ታክሲ ነጂ ነበርኩ። በዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ወረፋ ይዤ፣ ግራ እጄን መሪው ላይ ዘርግቼ፣ የአንጓዬን ስምንት አጥንቶች በአውራ ጣቴ እየነካካሁ አጠና ነበር፦ ስካፎይድ፣ ሉኔት፣ ትራይክዊትረም... ፒዚፎርም ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ወረፋው ይንቀሳቀሳል። ዛሬም ያችን አተር የምታህል አጥንት ስነካ ከኋላዬ ጡሩምባ የሚነፋ ይመስለኛል።

ከዚያ በፊት ግን አንድ የግል ትምህርት ቤት «ክሬዲቱ የትም ይሻገራል» ብሎኝ ሁለት ተርም ከፍዬ ተምሬአለሁ። የትም አልተሻገረም። ስለዚህ ቼክ ከመጻፍዎ በፊት የነርስ ትምህርቱ የነርስ ትምህርት ቤቶችን ከሚመዝኑት ከኤሲኢኤን ወይም ከሲሲኤንኢ ዕውቅና ያገኘ መሆኑን ይጠይቁ። የሜሪላንድ የነርሶች ቦርድም የየትምህርት ቤቱ ተማሪዎች የነርስነት ፈቃድ ፈተናውን ምን ያህል እንደሚያልፉ ያወጣል።

ኮሙኒቲ ኮሌጅ የሚሰጠው አሶሲየት ዲግሪ (ከመጀመሪያ ዲግሪ በታች ያለ) ነው፤ ከቅድመ ትምህርቱ ጋር ሦስት ዓመት ገደማ ይፈጃል። ፈተናው፣ ኤንክሌክስ፣ ግን አራት ዓመት የተማረውም የሚቀመጥበት ነው፤ የአርኤን (የተመዘገበ ነርስ) ፈቃዱም ያው። እ.ኤ.አ. በ2016 ስፈተን ኮምፒውተሩ 75ኛው ጥያቄ ላይ ድርግም ብሎ ጠፋ። ማለፌን ይሁን መውደቄን ሳላውቅ መኪናዬ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ተቀመጥሁ። (ያኔ ትንሹ የጥያቄ ብዛት 75 ነበር፤ ዛሬ 85 ነው።)

ፈቃዱን ይዘው ሆስፒታል ከገቡ በኋላ የቀረውን የነርስነት የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት እየሠሩ በኢንተርኔት መጨረስ ይቻላል። አሠሪ ለትምህርት የሚከፍልልዎ ገንዘብ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ድረስ ግብር አይቆረጥበትም። የእኔን ሆስፒታሉ ከፈለ፤ እኔ የከፈልኩት ከሌሊት ሥራ መልስ የሚገኘውን እንቅልፍ ነው። በሜሪላንድ ኮሌጁንና ዩኒቨርሲቲውን ጎን ለጎን የሚያስኬድ ኤቲቢ የሚባል መንገድም አለ፤ ልጆቹ ከፍ ሲሉ ያስቡበት። ብቻ አርኤን ሆንኩ ብለው ዲግሪውን እንዳይተዉት። ያለ እሱ የማይቀጥሩ ሆስፒታሎች አሉ፤ ኒው ዮርክ እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ሕግ አዳዲስ ነርሶቿን በ10 ዓመት ውስጥ እንዲይዙት ታስገድዳለች።

ለጊዜው በነሐሴ መጨረሻ ለሚጀምረው ሴሚስተር አናቶሚ አንድን ብቻ ይመዝገቡ። ክፍሉ ማታ ከሆነ ደግሞ በእነዚያ ምሽቶች እራቱ የማን እንደሆነ ባለቤትዎን ከአሁኑ ይጠይቋቸው።