ቤታችሁን አከራይታችሁ አገር ቤት ለምትሄዱ ልጆቼ

ሎስ አንጀለስ ውስጥ የሰው ቤት ሳስተዳድር ፀጉሬ ሸበተ። ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ ለገና ወይም ለሰርግ አገር ቤት ስትሄዱ ቤታችሁን በኤርቢኤንቢ እያከራያችሁ ነው። የትኬት ወጪ ይሸፍናል፣ ደግ አደረጋችሁ። ከተማው ዘንድ ተመዝግባችኋል ብዬ ልለፈው። ስለ አንሶላና ስለ ፎቶ የሚመክራችሁም ሞልቷል። እኔ አልወጣም ስለሚል እንግዳ ላውራችሁ።

ካሊፎርኒያ ውስጥ መጠንቀቅ ያለባችሁ ቁጥር 30 ነው። ሰውየው ከ30 ተከታታይ ቀናት በላይ ከቆየ የተከራይ መብት ያገኛል። ተከራይን ደግሞ የሚያስወጣው ፍርድ ቤት ነው። በፈረንጆቹ 2014 ፓልም ስፕሪንግስ ውስጥ አንድ እንግዳ ከ30 ቀን በላይ ተከራይቶ ገባ። ከዚያ መክፈሉን አቆመ፣ አልወጣም አለ፣ ወሬውም አገር አዳረሰ።

እኛን የሚጎዳን ግን ከሕጉ ይልቅ ይሉኝታችን ነው። መውጫው ሁለት ቀን ሲቀረው መልእክት ይመጣል፦ «ወንድሜ፣ የምገባበት ቤት ዘገየብኝ። አንድ ሳምንት ብቻ ጨምርልኝ፣ ብሩን አሁኑኑ በዜል ልላክልህ።» ሐበሻ ከሆነማ እንዴት እምቢ ይባላል? እናንተም ቦሌ ካፌ ቁጭ ብላችሁ «ችግር የለም» ትላላችሁ። አለቀ። ቀኑ 30ን ያልፋል፤ ገንዘቡንም ከኤርቢኤንቢ ውጪ በእጃችሁ ስለተቀበላችሁ እሱ ኪራይ ከፋይ፣ እናንተ አከራይ ሆናችሁ።

ስለዚህ ማስታወቂያውን ስታወጡ የቆይታውን ጣሪያ ሦስት ሳምንት አድርጉት። ይጨመርልኝ የሚል ቢመጣ በኤርቢኤንቢ በኩል ብቻ ይሁን፣ 30ንም አይንካ። በመውጫው ቀን ረፋድ ላይ ጽዳት ሠራተኛ ይምጣ፤ እንግዳውም ይህንን ከመግባቱ በፊት ይወቀው። በር የሚያንኳኳ ሰው እንደሚመጣ የሚያውቅ እንግዳ ሻንጣውን በጊዜ ይሸክፋል። እዚህ የሚቀር የምታምኑት ዘመድም ያስፈልጋችኋል፣ በስልክ ብቻ ቤት አይጠበቅም።

አልወጣም ካለ ደም ይፈላል፣ አውቃለሁ። ግን ተከራይ ለሆነ ሰው ቁልፍ መቀየር፣ መብራትና ውሃ መቁረጥ፣ ዕቃውን ውጪ ማውጣት ክልክል ነው። በቀን እስከ 100 ዶላር ሊያስቀጣችሁ ይችላል። የበሩን ኮድ ከአዲስ አበባ ሆኖ በስልክ መቀየርም ያው ቁልፍ መቀየር ነው። ያላችሁ መንገድ ክስ ነው፣ እሱም አይፈጥንም። ተከሳሹ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ድሮ 5 የፍርድ ቤት የሥራ ቀን ነበር፣ ከ2025 መግቢያ ጀምሮ 10 ሆኗል። ስትረቱም በሩን የሚያስከፍተው ሸሪፍ ነው።

ቀኑ ያለፈ ዕለት ተጨማሪ ገንዘብ አትቀበሉ፣ ለኤርቢኤንቢ በጽሑፍ አሳውቁ፣ ጠበቃ ጋ ደውሉ። የጠበቃውን ስልክ ደግሞ ከመሄዳችሁ በፊት ያዙ፤ አዲስ አበባ ሲመሽ እዚህ ቢሮ ገና አልተከፈተም።