ከጨፌው የተለቀመው ቀንድ አውጣ እና «አልሰራም» የተባለው መድኃኒት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ነው፤ በግ አረባለሁ። መስከረም ላይ ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ወጣቶች ከጨፌያችን ጥቃቅን ቀንድ አውጣ እየለቀሙ በብልቃጥ ከተቱ፤ የበጎቼንም በጠጥ ወሰዱ። «የዘረመል ምርምር ነው» አሉን። እኔ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ለበጎቼ አልቤንዳዞል የሚባለውን የትል መድኃኒት ሰጥቼ ነበር፤ ኅዳር ሲገባ ግን አራቱ ሞቱብኝ። ሳይከሱ፣ አገጫቸው ሥርም ሳያብጥ ነው የሞቱት። አንዱን ስንከፍተው ሆዱ ውስጥ ደም ነበር፤ ጉበቱም የተበሳሳ ይመስላል። ጎረቤቶቼ «ትሉ መድኃኒቱን ለምዶታል» ይሉኛል። እውነት ነው? ጨፌው ላይ እንዶድ ቀጥቅጬ ብጨምርበትስ? ልጆቹ የወሰዱት ቀንድ አውጣ ለእኛ ምን ይፈይዳል? ባለቤቴ በጓሮ የተከለችውን ጎመን የሚበላውስ ያው ራሱ ነው ወይ?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከሞቱት አንዱን መክፈትዎ በጣም ጠቅሞናል። ደም የቋጠረ ሆድና የተበሳሳ ጉበት ለጋ የጉበት ትል በብዛት መግባቱን የሚያሳይ ምልክት ነው። ሌላ በሽታም በድንገት ሊገድል ስለሚችል፣ ዳግመኛ የሚሞት ካለ ሳይቀበር የወረዳችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይየው። በጻፉልኝ ላይ ተመሥርቼ ግን ጥርጣሬዬ ወደ ጉበት ትሉ ያደላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትሉ በእርጥብ ሣር ላይ ተጣብቆ በጉ ይበላዋል። ከዚያ አንጀቱን በስቶ ወጥቶ ጉበት ውስጥ ይገባና ስድስት ሰባት ሳምንት ያህል ጉበቱን እየቦረቦረ ይዞራል። በጉ በአጭር ጊዜ ብዙ ከበላ፣ ለመክሳት እንኳ ሳይደርስ ጉበቱ ደምቶ ይሞታል። የተረፈው በግ ላይ ትሉ ወደ ሐሞት ቧንቧ ገብቶ ያድጋል፤ እንቁላል መጣል ይጀምራል። እናንተ የምታውቁት ክሳት፣ የዓይን መገርጣትና አገጭ ሥር ውሃ መቋጠር የሚመጣው ያኔ ነው። አልቤንዳዞል የሚገድለው ይኸን ያደገውን፣ ከ10 እስከ 12 ሳምንት የሞላውን ትል ነው። ለጋውን አይነካውም። በጎችዎ በነሐሴና በመስከረም የበሉት ትል ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ገና ለጋ ነበር። ስለዚህ መድኃኒቱ የተለመደ ሳይሆን ያለጊዜው የተሰጠ ይመስለኛል። በጠጡ ቢመረመርም በዚያን ሰዓት ለጋው ትል አይታይም፤ እንቁላል አይጥልማ።

ለጋውን የሚገድለው ትሪክላቤንዳዞል ነው። ገና ሁለት ሳምንት የሆነውን እንኳ ይደርስበታል። ዋጋው ወደድ ይላል፤ በየቦታውም አይገኝም። ሲገኝም እንደ ጠበል ለሁሉ በየወሩ አይረጭም። አውስትራሊያ ውስጥ ትሉ ይህን መድኃኒት መቋቋሙ እ.ኤ.አ. በ1995 ተዘግቧል፤ ከዚያ ወዲህ በአውሮፓና በደቡብ አሜሪካም ታይቷል። በብሪታንያ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ትሉ መድኃኒቱን የሚቋቋምበትን የዘረመሉን ክፍል ለይተዋል። እርስዎ የጠየቁት ምርምር አንዱ ጥቅም ይኸው ነው፤ ትሉ መድኃኒት ይልመድ አይልመድ በጎረቤት ወሬ ሳይሆን በምርመራ የሚለይበት መንገድ እየተከፈተ ነው።

አሁን ወደ ቀንድ አውጣው። የጉበት ትል ያለ ቀንድ አውጣ ዘሩ ይቋረጣል። ከበጠጡ ጋር የወጣው እንቁላል እርጥበት ላይ ሲፈለፈል ዓይን የማያየው እጭ ይወጣል። ያ እጭ በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ ተስማሚ ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይሞታል። ካገኘ ግን ቀንድ አውጣው ውስጥ ተባዝቶ ከአንዱ እጭ ብዙ መቶ ይወጣል። በደጋ ይህን ሥራ የሚሠራው በሳይንስ ስሙ ጋልባ ትሩንካቱላ የሚባለው ነው። ትልቁ ቢባል አንድ ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ ቡናማ ነው። ጥልቅ ውሃ ውስጥ አይፈልጉት፤ የከብት ኮቴ በረገጠው ጭቃ ዳር፣ በምንጭ አፍና በቦይ ጠርዝ ላይ ነው የሚገኘው። አንዱን ያንሱና ሹል ጫፉን ወደ ላይ፣ አፉን ወደ ራስዎ አድርገው ይያዙት። አፉ ወደ ቀኝዎ ከተከፈተ ከዚህ ወገን ሊሆን ይችላል፤ ወደ ግራ ከተከፈተ የጉበት ትል ተሸካሚው አይደለም። ክብና ጠፍጣፋ ሆኖ የተጠቀለለውም ሌላ ነው፤ ከዚያ ወገን የሰውን ቢልሃርዚያ የሚሸከም አለበት። ቀንድ አውጣ የነኩበትን እጅ በሳሙና መታጠብ አይርሱ።

ዓይን የሚያደርሰው እስከዚህ ነው። የጋልባ ወገኖች ቅርፊታቸው እጅግ ስለሚመሳሰል ለዘመናት ሊቃውንቱንም ሲያምታቱ ኖረዋል፤ የተለዩት በዘረመል ነው። ልጆቹ ብልቃጡ ውስጥ የጨመሩት አልኮል ይሆናል፤ ፎርማሊን ዘረመሉን ያበላሻል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ከቀንድ አውጣው እግር ቁራጭ ሥጋ ወስደው፣ በኮሮና ጊዜ ስሙን የለመድነውን የፒሲአር ምርመራ ያደርጉለታል። የትኛው ዝርያ እንደሆነ ከመታወቁም በላይ ሆዱ ውስጥ የጉበት ትል መኖር አለመኖሩ ይታያል። ዌልስ ውስጥማ እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት ተመራማሪዎች ቀንድ አውጣውን ሳይለቅሙ፣ ከግጦሽ መሬት የተቀዳ ውሃ አጣርተው ብቻ የቀንድ አውጣውንም የትሉንም ዘረመል አግኝተዋል። እንዲህ ዓይነቱ ዘዴ እኛ ጋ ሲደርስ፣ ከሦስት ጨፌ የትኛው መከለል እንዳለበት ለመወሰን ይረዳል ብዬ አስባለሁ።

ዝርያውን መለየቱ ለገበሬ ትርፍ የለውም የሚል ካለ አልስማማም። በአገራችን ሁለት ዓይነት የጉበት ትል አለ። የደጋው ትከሻ ያለው ቅጠል መስሎ እስከ ሦስት ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። የቆላው ሰባት ሳንቲ ሜትር ገደማ ሊረዝም ይችላል፤ የሚሸከመውም ሌላ ቀንድ አውጣ ነው፣ ከዓመት ዓመት በማይደርቅ ኩሬና የመስኖ ቦይ የሚኖር። በመካከለኛው ከፍታ ሁለቱም ይገኛሉ፤ ሁለቱ በሚገናኙባቸው አገሮችም ድቅል መፈጠሩን ዘረመል አሳይቷል። ለደጋ የወጣውን የመድኃኒት ቀን መቁጠሪያ ወስዶ መስኖ ላይ ለሚያረባ መስጠት እንግዲህ ገንዘብ መጣል ነው። ደግሞ በግ ሲታረድ በጨጓራው ግድግዳ ላይ የሚታየው ወፍራም ሮዝ ትል የጉበት ትል አይደለም፤ አልቤንዳዞልም ትሪክላቤንዳዞልም አያወጣውም።

አገራችን ብርድ ነው፣ ቀንድ አውጣው ያልቃል ብለው ተስፋ እንዳያደርጉ። ቦሊቪያ ውስጥ ከባሕር ወለል በላይ 4000 ሜትር ገደማ በሆነ አምባ ላይ ይኸው ቀንድ አውጣ ሞልቷል፤ በዓለም ላይ ሰው በጉበት ትል በብዛት ከሚያዝባቸው ቦታዎች አንዱም እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የዘረመል ጥናት የዚያን አምባ ቀንድ አውጣዎች ሲያወዳድር አንዳችም ልዩነት አላገኘባቸውም፤ ከአውሮፓ የገቡ ናቸው። ይህ የሚሆነው ቀንድ አውጣው ወንድም ሴትም በመሆኑ ነው፤ ተጓዳኝ ሳይፈልግ ራሱን አስረግዞ ይወልዳል። አንድ ብቻ ከተረፈ ጨፌውን እንደገና ይሞላዋል።

ስለ እንዶድ የምመልስልዎም ከዚሁ ተነሥቼ ነው። እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለዓለም ያሳየው የኛው ሰው ዶክተር አክሊሉ ለማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞተ ቀንድ አውጣ በዝቶ አየ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በዚህ ሥራ ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። የተፈለገው ግን ለቢልሃርዚያ ነው፣ ውሃ ውስጥ ለሚኖረው ቀንድ አውጣ። የእናንተው ጭቃ ውስጥ ይቀበራል፤ በበጋ ደርቆ የሞተ መስሎ ይከርምና ዝናብ ሲጥል ይነሣል። ሰፊ ጨፌ ላይ ቢበተን አንዱ ዳር ሳይደርሰው ይቀራል። ዓሣና እንቁራሪትም ይፈጃል፤ ከታች ያለ ጎረቤት የሚጠጣው ውሃ ከሆነ ደግሞ ጠብ ነው። አይበትኑ።

ገንዘብዎንና ጉልበትዎን እዚህ ላይ ያውሉት። ከነሐሴ እስከ ኅዳር በጎቹን ከጨፌው አርቀው ተረተር ላይ ያሰማሩ፤ ጠቦቶችን በተለይ። የምንጩን አፍ በድንጋይና በእሾህ አጥረው ውሃውን ወደ ገንዳ ያውርዱት፤ ጭቃው የሚረገጥበት ቦታ ሲያንስ ቀንድ አውጣውም ያንሳል። ከጨፌ የታጨደ ሣር ጥሬውን አይስጡ፤ በደንብ ደርቆ ወራት ከከረመ ስጋቱ ይቀንሳል። ትሪክላቤንዳዞል ካገኙ ኅዳር ላይ ይስጡ። ካላገኙ አልቤንዳዞሉን ጥር መጨረሻ ላይ፣ ትሉ ሲያድግ፣ ከዚያም ዝናቡ ሳይገባ ግንቦት ላይ ይድገሙ፤ የግንቦቱ መድኃኒት እንቁላል ወደ ጨፌው እንዳይደርስ ይከላከላል። ለጉበት ትል የሚሰጠው መጠን ለአንጀት ትል ከሚሰጠው ከፍ ያለ ነው፤ በግምት ሳይሆን የትልቁን በግ ክብደት መዝነው ይስጡ። ገና በመጀመሪያው ወር እርግዝና ላይ ላለች በግ ግን አልቤንዳዞል አይሰጥም፤ ጽንሱን ያበላሻል።

«ቀንድ አውጣችንን ወስደው ሊሸጡት ነው» የሚል ወሬም እንዳለ ገምቻለሁ። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የአገር የዘረመል ሀብት ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ልጆቹን ፈቃዳቸውን መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ውጤቱን ተመልሰው እንዲነግሯችሁ መጠየቅም እንዲሁ። ብዙ ጊዜ ይህንኛው ነው የሚረሳው።

የባለቤትዎ ጎመን ላይ ያለው ሌላ ነው። የየብስ ቀንድ አውጣና ቅርፊት የሌለው ዘመዱ ይህን የጉበት ትል አይሸከሙም፤ ጉዳታቸው ቅጠል መብላት ነው። ማታ በባትሪ ወጥታ ትልቀማቸው። ቀን ላይ ደግሞ እርጥብ ጆንያ በመደቡ ዳር ታንጥፍ፤ ጠዋት ሥሩ ተሰብስበው ታገኛቸዋለች። አመድ የሚረዳው ደረቅ እስካለ ድረስ ብቻ ነው፤ ጤዛ ከነካው በላዩ ላይ ይሄዳሉ።