በባለሙያ ትኬት ጌምስኮም ልሂድ ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ ለገጣፎ ሆነህ የሞባይል ጌም እየሠራህ ነው። «ነሐሴ ላይ ጀርመን ለጌምስኮም በባለሙያ ትኬት ብሄድ ያዋጣኛል ወይ?» ብለሃል። ያዋጣሃል፤ ግን ቀጠሮ ይዘህ ከሄድክ ነው።

ጌምስኮም ኮሎኝ ከተማ የሚካሄድ የቪዲዮ ጌም ኤግዚቢሽን ነው፤ ሁለት ዓለም አለው። በአንዱ ተጫዋቹ አዲስ ጌም ለመሞከር ለሰዓታት ይሰለፋል። ሌላው የቢዝነስ ክፍሉ ነው። አሳታሚዎቹን፣ ማለትም ጌም ለገበያ የሚያወጡትን ድርጅቶች፣ በቀጠሮ የምታገኘው እዚያ ነው። ወደዚያ የሚያስገባህን የባለሙያ ትኬት ስትገዛ በዘርፉ መሥራትህን የሚያሳይ ማስረጃ ትጠየቃለህ፤ ንግድ ፈቃድህን አስተርጉመህ ያዝ።

እኔ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ተነስቼ መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ጌሜ ያለ ኢንተርኔት አይከፈትም ነበር። ከአንድ አሳታሚ ጋር ግማሽ ሰዓት ተሰጥቶኛል። አሥር ደቂቃው ስክሪኑ ላይ ያቺ ክብ ስትሽከረከር አለቀ። ሰውዬው ጨዋ ነው፣ ዝም ብሎ ጠበቀኝ። እኔን ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። አንተ ያለ ኔት የሚሠራ ቅጂ ሁለት ስልክ ላይ ጫን። ፓወር ባንክህንም እንዳትረሳ። ስልኩን ቶሎ ስጠውና ራሱ ይጫወት፤ ጣቱ የት ጋ እንደሚደናገር በደንብ እይ። ከየትኛውም አስተያየት በላይ ጠቅሞኛል።

ቪዛውን አታዘግይ። ለጀርመን የሚያስፈልግህን የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ ማስገባት ይቻላል። የጉዞ ኢንሹራንስህ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ይሁን። በዚያ ሳምንት ኮሎኝ ውስጥ ሆቴል እሳት ነው፤ አቅራቢያው ያለችው ቦን ከተማ እደርና በባቡር ተመላለስ።

ቅጂው ሲደርስልህ በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ ተጫውቼ የታየኝን እነግርሃለሁ።