የሰፈር ስም ለምትሰበስቡ ወጣቶች

የታሪክ ማስተርስ የምትማር አንዲት ልጅ ሰሞኑን «ጋሼ፣ የአራዳን የድሮ ሰፈሮች ስም ሰብስቤያለሁ፤ አፕ ላሠራበት ነው፣ ምን ይሻለኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። ባጭሩ መልሼ ልሸኛት እችል ነበር። ጥያቄዋ ግን የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ፤ ለእሷ የምነግራትን ለሁላችሁም ልጻፈው።

በ1980ዎቹ መጨረሻ አንድ መሥሪያ ቤት የከተማዋን የቆዩ ሰፈሮች ስም እንድንመዘግብ ቀጥሮን ነበር። ቢሯችን ፒያሳ ነው። ባልደረቦቼ የታሪክ ሰዎች ናቸው፤ እኔ የኮምፒውተሩ። ከነገሩን ሽማግሌዎች መካከል አንድ ልብስ ሰፊ ከቶ አይረሱኝም። በሠራተኛ ሰፈርና በዶሮ ማነቂያ መንገድ ለመንገድ ይዘውን እየዞሩ፣ ጣሊያን ሳይገባ ማን የት ይኖር እንደነበር፣ የየመኳንንቱ ግቢ በሩ በየት በኩል እንደነበር፣ ደርግ ከተማውን በከፍተኛና በቀበሌ ሲከፍለው የትኛው ጥግ ወዴት እንደሄደ ይነግሩናል። አንድ ቀን አንዲት ቦይ አጠገብ ቆሙና በከዘራቸው ጠርዟን መታ መታ አድርገው «ስሙ እዚህ ያልቃል፤ ከዚህ ወዲያ ሌላ ሰፈር ነው» አሉን። ክረምት ካልሆነ ውሃ የማይታይባት፣ ልጅ የሚዘላት ቦይ ናት። የያዝነው ካርታ ላይ የለችም። እሳቸው ዘንድ ግን ድንበር ናት።

ዞረን ስንጨርስ ቤታቸው ገብተን ቡና ሳንጠጣ አይለቁንም። እውነተኛው ሥራ የሚሠራውም እዚያ ነበር። ባለቤታቸው ጀበናውን እያወረዱ «ኧረ የለም፣ ይሄ እኮ ከነፃነት በኋላ የመጣ ስም ነው» ይላሉ፤ ሽማግሌው ይቆጣሉ፤ ባልደረባችን የሁለቱንም ቃል ከነተናጋሪው በካርድ ላይ ይጽፋል። ማታ እኔ ኮምፒውተር ላይ አስገባዋለሁ። እኚያ እናት እጃቸው ሙያ ነበረው፤ እንደሳቸው ያለ ቡና ከዚያ ወዲህ አልጠጣሁም።

ውላችን የሚለው ካርታውም፣ መፈለጊያውም፣ መረጃውም ባንድ ፕሮግራም ተጠቃሎ በሲዲ ይረከብ ነው። ተረከቡ። ያን ጊዜ የእኛ ፊደል ገና ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ የየቋንቋውን ፊደል በአንድ ዓይነት ቁጥር በሚያውቁበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ አልገባም፤ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ስሪት 3.0 ሲወጣ ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ፊደሉን በላቲን ሆሄያት ቦታ ላይ በራሱ አደራደር ያስቀምጥ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተሮቹን ሲቀይር ፕሮግራሙ አልነሣ አለ፤ ፋይሉ በሌላ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆነ። ካርዶቹም በቢሮ ዝውውር የት እንደገቡ የሚናገር ጠፋ። ባልና ሚስቱ ዐርፈዋል። ዶሮ ማነቂያም በ2016 ዓ.ም. ፈረሰ። ቦይዋ የት ላይ እንደነበረች ዛሬ ሄዶ የሚያሳይ ሰው አላውቅም።

ስለዚህ ልጄ፣ አፑ ይቆይሽ። መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ቦታ የማይለወጥ መለያ ቁጥርና የራሱን የድር አድራሻ ስጪው። አድራሻው ሲጠራ ለሰው የሚነበብ ገጽ፣ ለማሽን ደግሞ ጄሰን (JSON)፣ ማለትም ፕሮግራሞች በቀላሉ የሚያነቡት የመረጃ አጻጻፍ፣ ይመልስ። በአገልግሎት ላይ የተመሠረተ አሠራር የሚሉት ይኸው ነው፤ አንዱ ማሽን ይጠይቃል፣ ሌላው የሚያውቀውን ብቻ ይመልሳል። ካርታውን ኦፕንስትሪትማፕ የተባለው፣ ፈቃደኞች የሚሠሩት ክፍት የዓለም ካርታ ይሣልልሽ። የድሮ ፎቶ የሰበሰበውም፣ የፍርድ ቤት መዝገብ የሚያጠናውም ያንቺን ቁጥር ይጥራ። «ሠራተኛ»ን በንጉሡ ሠ የጻፈውና በእሳቱ ሰ የጻፈው ተፈላልገው እንዲገናኙ የሚያደርገውን ሥራም አንድ ሰው አንድ ጊዜ ሠርቶ ያቅርበው፤ ሌላው እየጠራ ይጠቀም።

በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረውን «ቤተ መጻሕፍት» የተባለውን የብራና ጥናት ፕሮጀክት ተመልከቱ። ለየብራናው፣ ለየሰውና ለየቦታው መለያ ሰጥቶ መረጃውን ለሁሉም ክፍት አድርጎታል። ምስልን በተመለከተ ደግሞ ትሪፕል አይ ኤፍ (IIIF) የሚባል፣ ምስል በድር ላይ እንዴት እንደሚጠየቅና እንደሚቀርብ የሚወስን የጋራ ስምምነት አለ። በድር አድራሻው ውስጥ የምትፈልጉትን የገጽ ክፍልና መጠን ትጽፋላችሁ፤ ምስሉ የተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ያንኑ ቆርጦ ይልካል። የጸሐፊውን ስም ከብራናው ግርጌ ለማንበብ ሙሉውን ገጽ ማውረድ አያስፈልግም። የኢንተርኔት ጥቅል እየገዛ ለሚያጠና ተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የዛሬ ልጆች እኛ በወራት የማንጨርሰውን በአንድ ሌሊት ትሠራላችሁ፤ ደስ ይለኛል። የማይገባኝ ሁላችሁም ከዜሮ መጀመራችሁ ነው። አፑ በሆቴል አዳራሽ ይመረቃል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ከዚያ የሰርቨሩን ኪራይ የሚከፍል ይጠፋል። አጠገባችሁ ያለው ልጅ ያንኑ መረጃ እንደገና ይሰበስባል።

ደግሞ በሰው ሰርቨር ብቻ አትደገፉ። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲዘጋ ሥራቸው ሁሉ ባሕር ማዶ የነበረ ልጆች እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል። የሁሉም ነገር ቅጂ፣ በተራ የጽሑፍ ፋይል፣ በዩኒኮድ፣ ቤታችሁ ይኑር። አገልግሎትን ተጠቀሙ ብዬ መልሼ ሁሉን ቤታችሁ አስቀምጡ ማለቴ ይጋጭ ይሆናል፤ ሁለቱንም አድርጉ።

ልጅቷ «ክፍት ካደረግሁት ይሰርቁኛል» ብላኛለች። ስምሽንና የተሰበሰበበትን ቀን ከእያንዳንዱ መልስ ጋር አብሮ እንዲወጣ አድርጊው፤ የሚጠቅስሽ ይበዛል። በሰንጠረዡ ውስጥ «ማን ተናገረ» የሚለውን ዓምድ ባዶ አትተዪ። በሕይወት ያሉትን ስማቸው ይውጣ አይውጣ አስቀድመሽ ጠይቂያቸው፤ ስልካቸውን ግን ከቶ አታውጪ። ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ሰፈር የተለያየ ነገር ከነገሩሽ ሁለት ረድፍ ጻፊ። ከፒያሳ ተነሥተው ዳር ከተማ የገቡትን ሽማግሌዎች የምታውቂ ከሆነ ደግሞ ከክረምቱ በፊት ድረሺባቸው፤ መቅጃ ከሌለሽ የእኔን ውሰጂ።