ምስሉ አለ ድምፁ የለም፦ ያወረድሽው ቪዲዮ ለምን ዱዳ ሆነ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽ ደርሶኛል። ላላነበቡት ባጭሩ፦ እዚሁ ጅማ መናኸሪያ አካባቢ ቁርስ ቤት አላት፣ ማታ ፓኬጅ ገዝታ ከዩቲዩብና ከፌስቡክ ሙዚቃና ድራማ በአንድ የማውረጃ ሳይት ታወርድና በፍላሽ አድርጋ ቲቪው ላይ ትከፍታለች። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ምስሉ እየመጣ ድምፁ የለም፣ አንዳንዱ ቲቪው ላይ ጭራሽ አይከፈትም። ስልኩን ሱቅ ብትወስደው «ሶፍትዌሩ ሞቷል» ብለው ፎርማት አደረጉባት፣ አዲስ 128 ጂቢ ፍላሽም ሸጡላት፣ ከዛ ወዲህ ይባስ ብሎ ሳይቱም ሲከፈት ቀይ ማስጠንቀቂያ ያወጣል።

«የጥራቱን ቁጥር 360 ስመርጥ ድምፅ አለው፣ 1080 ስመርጥ ዱዳ ነው» ያልሽው ቦታ ስደርስ ሌላውን ማንበብ አላስፈለገኝም። ስልክሽ ምንም አልሆነም። ስፒከር የሞተበት ስልክ ቁጥር አይመርጥም፣ ሶፍትዌር ቢበላሽም እንደዛው። ለፎርማቱ የከፈልሽው ብር በከንቱ ነው የሄደው፣ የጠፋው ፎቶ ደግሞ ሌላ ንዴት።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ያዢልኝ፦ ከእነዚህ ሳይቶች የሚወርድ ኤፒኬ የሚባል ፋይል (አፕ መጫኛ ነው) እንዳትጭኚ። ደንበኛ ቴሌብር በሚልክልሽ ስልክ ላይ በፍጹም። እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ድምፁ። ዩቲዩብ ከፍ ያለ ጥራት ያለውን ቪዲዮ አንድ ፋይል አድርጎ አያስቀምጠውም፣ ምስሉ ለብቻው ፋይል ነው ድምፁም ለብቻው ፋይል ነው። አንቺ መናኸሪያ ጋ ስለሆንሽ ቶሎ ይገባሻል፦ አንድ ነጋዴ ከአዲስ አበባ ሲመጣ እሱ በባስ ዕቃው በአይሱዙ መጣ እንበል፣ 350 ኪሎ ሜትሩን ለየብቻ ነው የሚጓዙት፣ ጅማ ሲደርሱ አንድ ሰው ቆሞ ሰውየውን ከዕቃው ካላገናኘው ባዶ እጁን ቤቱ ይገባል። የዩቲዩብ አፕ ላይ ስታዪ ያ አገናኝ አፑ ራሱ ነው፣ ሁለቱንም እኩል እየተቀበለ እያጋጠመ ያሳይሻል። (ረዳቴ ይሄን ሲሰማ «ጋሼ ባሷን ጀመራት» ይላል፣ ለደንበኛ ሁሉ ስለማወራት።) ለምን ለያዩት ካልሽ፣ ኔትወርኩ ሲደክም አፑ ምስሉን ከ1080 ወደ 480 ከዛም ወደ 240 ያወርደዋል፣ ድምፁን ግን ብዙም አይነካውም፣ ምስሉ ጭቃ ሆኖ ሰውየው የሚያወራው ጥርት ብሎ የሚሰማሽ ለዛ ነው። በዛ ላይ ለ240ውም ለ480ውም ለ1080ውም ድምፁን እየደጋገሙ ማስቀመጥ የለባቸውም፣ አንዱ ድምፅ ለሁሉም ይበቃል፣ ቦታም ይተርፋል። 360ው ግን ከድሮው አሰራር የቀረ ሁለቱ አንድ ላይ የታሸጉበት ፋይል ስላለው ነው ድምፅ የሚኖረው፣ ሰውየውም ዕቃውም በአንድ ባስ እንደማለት። ነጻ ሳይት 1080 ስትይው ብዙውን ጊዜ ምስሉን ብቻ አቀብሎሽ ዞር ይላል፣ ምክንያቱም ማጋጠም ሰርቨሩን (የሳይቱን ኮምፒውተር) ያደክመዋል፣ ሰርቨር ደግሞ ብር ያስወጣል። ፌስቡክም ከፍ ባለው ጥራት ላይ እንደዚሁ ነው።

ስለዚህ ሳይቱ ላይ የጥራት ዝርዝሩ ሲመጣ ቁጥሩን ብቻ አትዪ፣ ጎኑ ላይ ያለችውን ስፒከር እያት። ብዙዎቹ ድምፅ የሌለውን በተሰረዘች ትንሽ ስፒከር ያሳዩታል፣ ከማስታወቂያው ብዛት አትታይም እንጂ አለች። ለቁርስ ቤት ቲቪ 360 ትንሽ ይደበዝዛል ግን ከዱዳ ይሻላል። ጥራቱን ካልለቀቅሽ ላፕቶፕ ያለው ልጅ ፈልጊ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ደንበኛ አታጪም፣ ዋይቲ-ዲኤልፒ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ምስልና ድምፅ ከሚያጋጥመው ከኤፍኤፍኤምፔግ ጋር ይጫንልሽ። ሁለቱን ፋይል ራሱ አውርዶ ራሱ ያጋጥማል፣ ማጋጠሙ የሴኮንዶች ስራ ነው ጥራቱም አይቀንስም። ዩቲዩብ አሰራሩን ቶሎ ቶሎ ስለሚቀይር ፕሮግራሙ አልሰራም ሲል መጀመሪያ አፕዴት ያድርገው።

ቀዩ ማስጠንቀቂያ ደግሞ የፎርማቱ ልጅ ስራ ይመስለኛል። የስልክሽን ቀን እስቲ አሁኑኑ እዪው። 2018 የሚል ከሆነ በቃ እሱ ነው፣ ልጁ የእኛን ዓመተ ምህረት የፈረንጁ ካላንደር ላይ ሞልቶታል። ይሄ ስንቴ እንደገጠመኝ! ሳይቶች ሁሉ መታወቂያ የሚሆን ሰርተፍኬት አላቸው፣ እድሜው ቢበዛ ከአንድ ዓመት ብዙም አይዘልም፣ ስልክሽ ራሱን 2018 ላይ ካስቀመጠ ያንን መታወቂያ «ገና ያልወጣ» ብሎ ይገፋዋል። ሴቲንግ ገብተሽ ቀኑን ወደ አውቶማቲክ መልሺው፣ የሰዓት ዞኑም አዲስ አበባ ይሁን። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር እንዲታይሽ ከፈለግሽ የኢትዮጵያ ሰዓት የሚያሳይ አፕ ከፕሌይ ስቶር አውርጂ እንጂ የስልኩን አትነካኪ። ከፕሌይ ስቶር ነው ያልኩት፣ ከማውረጃ ሳይት አይደለም።

ቲቪው አልከፍትም የሚለው ሌላ ነው። ስልክሽ የሚከፍተውን ቲቪው ካልከፈተ ፋይሉ መጨረሻ ላይ ዌብኤም የሚል መሆኑን እዪ፣ ቆየት ያሉ ቲቪዎች የዛን ውስጥ ኮዴክ (ምስሉና ድምፁ የታመቀበትን አሰራር) አያውቁትም። ስታወርጂ ኤምፒ 4 ምረጪ፣ ኮዴክ የሚያስመርጥ ከሆነ ኤች 264 በይው። «የፋይሉን ስም መጨረሻ ወደ ኤምፒ 4 ቀይረው» ብሎሽ የነበረው ሰው፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ የቆሎ ከረጢት ላይ ቡና ብሎ ጽፎ ቡና ሆነ የሚል ዓይነት ነው፣ ስም ሲቀየር ውስጡ አይቀየርም።

አሁን ፍላሹ። «መጀመሪያ የጫንኳቸው ይሰራሉ፣ በኋላ የጫንኳቸው ስማቸው እየታየ አይከፈቱም» ብለሻል፣ ይሄኛው ከሁሉ በላይ ነው የጠረጠርኩት። 128 ተብሎ በእርካሽ የሚሸጥ ፍላሽ ብዙ ጊዜ ውስጡ 8 ወይ 16 ነው፣ ቺፑ ለስልኩም ለኮምፒውተሩም 128 ነኝ ብሎ እንዲዋሽ ተደርጎ የተሰራ ነው። እውነተኛው ቦታ ሲሞላ «እሺ ተቀበልኩ» እያለ አዲሱን ይጥለዋል ወይ የድሮው ላይ ይጽፍበታል፣ ስሙና መጠኑ ዝርዝሩ ላይ ስላለ ያለ ይመስልሻል። እንዲህ ፈትሺው፦ በውስጡ ያለውን ሌላ ቦታ አስቀምጪና ባዶ አድርጊው፣ አንድ ሁለት ጂቢ የሚሆን ድራማ ስሙን እየቀያየርሽ እስኪሞላ ድረስ ደጋግመሽ ኮፒ አድርጊበት፣ ነቅለሽ መልሰሽ ሰክተሽ የመጀመሪያውንም የመሃሉንም የመጨረሻውንም ክፈቺ፣ ክፈቺ ብቻ ሳይሆን መሃል ላይ ወስደሽ አጫውቺ። 10ኛው ላይ ከሞተ 128 ጂቢሽ 20 ጂቢ እንኳን አልነበረችም ማለት ነው። ለሻጩ መልሺለት፣ እንዲህ ያለ ዕቃ ለሰው መሸጥ ነውር ነው፣ እኔም አንዴ ተሸውጄ ለደንበኛ ከኪሴ ከፍያለሁ።

ማውረዱ መሃል ላይ ቆሞ «403» ይላል ያልሽው ደግሞ ቀላል ነው። ሳይቱ የሚሰጥሽ የማውረጃ ሊንክ የጊዜ ገደብ አለው፣ መብራት ወይ ኔትወርክ ሄዶ ነግቶ «ቀጥል» ብትይው ጊዜው ስላለፈ እምቢ ይላል። ከቪዲዮው ሼር ብለሽ ሊንኩን እንደ አዲስ ወስደሽ ጀምሪ።

አልወርድ ያለሽን የፌስቡክ ዝግ ግሩፕ ቪዲዮ ደግሞ ሳይቱ ራሱ አያየውም፣ ስለዚህ አያወርደውም። «ለማውረድ በፌስቡክህ ግባ» የሚል ገጽ ካመጣብሽ ዝጊው፣ ፓስወርድሽን ነው የፈለገው።

እና ኤፒኬው። ሳይቱ ላይ ትልቁ አረንጓዴ «ዳውንሎድ» ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ማስታወቂያ ነው፣ እውነተኛው ትንሽ ሆኖ ከስር ነው ያለው። ትልቁን ስትነኪ «በፍጥነት ለማውረድ አፑን ጫን» ይልሻል። አንድ የባጃጅ ሹፌር ደንበኛዬ ጭኖት ነበር፣ አፑ አክሰሲቢሊቲ የሚባለውን ፈቃድ ጠየቀው፣ ፈቀደ። ያ ፈቃድ ማለት አፑ ስክሪንሽ ላይ ያለውን ማንበብና ባንቺ ፋንታ መንካት ይችላል ማለት ነው፣ ፒን ስትጽፊም ጭምር። ሰውየው ስልኩን ሲያመጣልኝ ስክሪኑ እሱ ሳይነካው ይንቀሳቀስ ነበር፣ መጀመሪያ ያደረግኩት ሲም ካርዱን መንቀል ነው ከዛ ዋይፋዩን ማጥፋት፣ ፒኑንም በሌላ ስልክ አስቀየርኩት። አንቺ ጭነሽ ከሆነ ዛሬውኑ ሴቲንግ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ ገብተሽ የማታውቂው አፕ ካለ አጥፊው፣ አፑንም አንሺው፣ ፒንሽንም ቀይሪ። ክሮም ላይ «ማሳወቂያ ፍቀድ» ብለሽለት ቀኑን ሙሉ «ስልክዎ ቫይረስ አለው» እያለ የሚጮህብሽ ካለም የክሮም ሴቲንግ፣ ኖቲፊኬሽን ውስጥ የሳይቱን ስም ፈልገሽ ዝጊው፣ ያ ቫይረስ አይደለም ማስታወቂያ ነው።

ቀኑን አስተካክለሽ፣ ስፒከር ያልተሰረዘበትን አውርደሽ፣ በሌላ ፍላሽ ሞክረሽ አሁንም ዱዳ ከሆነ ብቅ በይ፣ ከሰዓት በኋላ መብራት ካለ አለሁ። ፍላሹንና የቲቪውን ሪሞት ይዘሽ ነይ፣ ስልኩ ይቅር።