ማሲንቆን ስልክ አይቃኘውም

ልጆቼ፣

ማሲንቆ የጀመረች አንዲት ተማሪ «ባዶውን (ጣት ያልነካውን) ክር በስልኬ መቃኛ ስንት ላይ ላቁመው?» ብላ ጻፈችልኝ። መልሱ አጭር ነው፦ ስታንጎራጉሪ ድምፅሽ ሳይጨነቅ የሚያርፍበት ላይ። በዚያው ልተወው ነበር፤ ግን ጥያቄው የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰ።

በደርግ ጊዜ በየቦታው የኪነት ቡድን ሲደራጅ፣ ከወሎ ገጠር የመጡ አንድ ሸምገል ያሉ አዝማሪ አንዱን ቡድን ተቀላቀሉ። ማሲንቆዎቹ በረድፍ ተቀምጠዋል፤ ክራር፣ ከበሮና ዋሽንትም አለ። ዋሽንት አንዴ ቀዳዳው ከተበሳ አይቃኝም፤ ነፊው የሚችለው በሌላ ርዝመት የተሠራ ዋሽንት ማንሳት ብቻ ነው። የዚያ ቡድን ነፊ የያዘው አጭር፣ ድምፁም ቀጭን ስለነበረ ሌላው ሁሉ ወደ እሱ ወጣ። የሽማግሌው ድምፅ ግን ወፍራም ነበር። የማሲንቆ ክር የሆነው የፈረስ ጭራ ከልኩ በላይ ሲወጠር የሚሆነው የታወቀ ነው፦ ድምፁ ይሰላል፣ ጭራው አንድ በአንድ ይበጠሳል፣ ብርኩማው (ክሩን ከቆዳው ከፍ አድርጎ የሚይዘው እንጨት) ቆዳውን እየተጫነ ያጎደጉደዋል። ሁሉም ሆነ። እሳቸውም ክሩን ረገብ ባደረጉ ቁጥር አንድ ሰው መጥቶ መልሶ ያጠብቅላቸው ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የጣታቸው ጉዳይ ነው። አንቺሆዬ የተባለውን ቅኝት (የአምስት ድምፆች አደራደር) ሲጫወቱ መሃል ጣታቸውና የቀለበት ጣታቸው ተጠጋግተው ከሚያርፉበት ቦታ ላይ ድምፁን ከታች ጎትተው ያመጡት ነበር፤ በቀጥታ አያርፉበትም። ይህ ተከለከለ። ለቡድኑ ኃላፊም አልፈርድበትም፤ አንድ ሰው ሲያንሸራትት ለዛ ነው፣ ስድስት ሰው በየፊናው ሲያንሸራትት ግርግር ነው። ከዚያ ክሩ የሚፋቅበት ደጋን ጉዳይ መጣ። እሳቸው ደጋኑን የሚመልሱት ቃሉ በሚያርፍበት ቦታ ነው፤ ቡድኑ ሁሉም ደጋን አብሮ እንዲሄድ፣ አብሮ እንዲመለስ ፈለገ። አንዱን ዜማ ደጋግመው እንዲጫወቱ ሲጠየቁ በየጊዜው ለየት አድርገው ተጫወቱት፤ ግጥሙ ሲረዝም ክሩ ይከተለዋል፣ ሲያጥር ይሰበስበዋል። «አላጠኑም» ተባለ። ከረድፉ ዳር ተቀምጠው ቀስ ብለው እንዲመቱ ተነገራቸው። ቴፕ መቅረጫ ነበር፤ የተቀዳው ግን የቡድኑ ዜማ ነው። የእሳቸው አንቺሆዬ ለብቻው ሳይቀዳ እሳቸው አለፉ።

ክፋት አልነበረበትም። ከዚያ በፊትም ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1963 በትውልደ ግብፁ የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብህ ሲመሠረት፣ ለየብቻቸው የኖሩ መሣሪያዎችን አንድ መድረክ ላይ ማሰባሰብ ትልቅ ሥራ ነበር። ሥራውን አደንቃለሁ። ግን ማሲንቆ በረድፍ ለመቀመጥ የተሠራ አይደለም፤ ዘፋኙና መቺው አንድ ሰው ሆነው ክሩ የገዛ ጌታውን ጉሮሮ እንዲከተል ነው የተሠራው።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። በክራር ቅኝት ሲለወጥ ክሮቹ እንደገና ይቃኛሉ። በማሲንቆ ግን ክሩ አንድ ነው፤ ቅኝቱ ያለው ጣት ላይ ነው። ባዶው ክር አንድ ድምፅ፣ አራቱ ጣቶች አራት ድምፅ፣ በድምሩ አምስት፤ የቅኝታችን ድምፆችም አምስት ናቸው። ስለዚህ የስልኩ መቃኛ ባዶውን ክር ቢነግራችሁ ትዝታ ላይ ሁኑ ባቲ ላይ አያውቅም። በሙሉ ትዝታ (ዶ ሬ ሚ ሶል ላ) የመጀመሪያዎቹ ጣቶች በመጠኑ ተራርቀው ይቀመጣሉ። በአምባሰል ጠቋሚ ጣት ወደ ባዶው ክር በጣም ትጠጋለች፣ ከእሷ እስከ መሃል ጣት ያለው ክፍተት ይሰፋል። አንቺሆዬም እንደዚሁ ይጀምርና መሃል ጣትና የቀለበት ጣት ይጠጋጋሉ፤ ትንሿ ጣት ሩቅ ትዘረጋለች። ጀማሪ የሚበላሸው እዚህ ነው፦ ትንሿ ጣት ስለማትደርስለት የእሷን ድምፅ (ላውን) ዝቅ ያደርገዋል፣ አንቺሆዬውም ወደ አምባሰል ያዘነብላል። ድምፆቹ ከፒያኖው ጋር ልክ ለልክ ካልገጠሙ አትደንግጡ። ፒያኖው ነው ሌላ አገር የተቃኘው።

ጣት ክሩን ወደ አንገቱ አይጫነውም፤ ከጎን ይነካዋል። የጊታር ልምድ ያለው ሁሉ መጀመሪያ ይጫናል፣ ያን ጊዜ ድምፁ ከፍ ይልና ቅኝቱ ይዛባል።

የዛሬ ልጆች ትቸኩላላችሁ። አንድ ደቂቃ ከማትሞላ ቪዲዮ የጎንደሩን፣ ከሌላዋ የጎጃሙን ቀንጭባችሁ ትሰፉታላችሁ። አንድ አገር፣ አንድ መቺ ምረጡ፤ ቢያንስ የአዝማሪ ዜማዎች የሆኑትን መዲናውንና ዘለሰኛውን ከእሱ ጨርሱ። ይህን ስል አዝማሪ ራሱ ዘዋሪ እንደነበረ አልዘነጋሁም፤ ሰርግ ከጠራው ወንዝ ይሻገራል፣ የሰማውንም ይወስዳል። ቢሆንም እሱ ሲወስድ የራሱ ነበረው።

ከመረጣችሁት መቺ ስትማሩ በግጥሙ ጀምሩ። ስንኙን በቃላችሁ ያዙ፣ አንጎራጉሩት፣ ከዚያ ክሩን ለድምፃችሁ ቃኙ። ለመጀመሪያው ሳምንት ጣት ክሩን አይንካ፤ ባዶውን ክር ብቻ እየመታችሁ ስንኙን በሉት፣ ደጋኑ የት እንደሚመለስ ቃሉ ያሳያችኋል። ዘለሰኛ ምቱ ልቅ ስለሆነ ደጋን ይረዝማል፤ በጭፈራ ያጥራል። ተመልካች «ተቀበል!» ብሎ ያላሰባችሁትን ስንኝ ሲወረውር የሚያድናችሁ ይኸው ነው። ዜማውን ብቻ በጣት የሸመደደ እዚያ ላይ ይቆማል።

የክሩ ጉዳይ። ባለሙያዎች የወንድ ፈረስ ጭራ ይመርጣሉ፤ የባዝራው ሽንት ስለሚነካው ቶሎ ይበጠሳል። ጭራውን ለብ ባለ ውኃና ሳሙና አጥባችሁ ጥላ ላይ አድርቁ፣ ሳትገምዱ ጎን ለጎን አስተኝታችሁ እሰሩ። የተገመደ ክር ደጋኑን እኩል አይዘውም፣ ይንቀጠቀጣል። ናይሎን የሚያስሩ አሉ፤ አይበጠስም፣ ድምፁም ይጮኻል፣ ግን ያ ትንፋሽ ያለው ሻካራነት ይጠፋል። ዕጣኑን በደጋኑም በክሩም ላይ አሹ፦ ሲያንስ ደጋኑ ይንሸራተታል፣ ሲበዛ ይፋጫል፣ ዱቄቱም ቆዳው ላይ ይከማቻል። ክረምት ቆዳው ርጥበት ይስብና ይረግባል፣ ድምፁ ይታፈናል። ፀሐይ ላይ ወይም ከምድጃ ራቅ አድርጋችሁ አሙቁት እንጂ እሳት አታስጠጉት፤ ቆዳው በድንገት ሲጠብቅ ከጠርዙ ይቀደዳል።

ስልኩን ግን አትጣሉት። የስልክ መቅረጫ ያን ጊዜ ቢኖር ብዬ ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ! አንድ ሽማግሌ መቺ ስታገኙ ፈቃድ ጠይቁ፣ ለጊዜያቸውም ክፈሉ። ስልኩን ከድምፅ ሳጥኑ ክንድ ያህል አርቃችሁ፣ ግራ እጃቸው እንዲታይ አድርጋችሁ አስቀምጡ። አንዱን ዜማ ሦስት ጊዜ እንዲጫወቱት ለምኗቸው፤ በሦስቱ መካከል የሚለዋወጠው ስልታቸው ነው፣ የማይለዋወጠው ዜማው ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ከቀዳችሁ ሁለቱን መለየት አትችሉም። በመጨረሻም ያለ ማሲንቆ ያንጎራጉሩላችሁ። ቤት ስትገቡ ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሳችሁ አዳምጡ፤ የጣቱ መንሸራተት የት እንደሚነሳ ያን ጊዜ ይሰማል። ቅጂው መጀመሪያ ላይ ቀኑን፣ የመጡበትን አገር፣ ቅኝቱን፣ ከማን እንደተማሩ በራሳቸው አንደበት ያስቀምጡ፤ የፋይል ስም ይጠፋል፣ ድምፅ ውስጥ ያለው አይጠፋም። አንድ ቅጂም ለቤተሰባቸው ስጡ።